ዋርሳና ፍሬቻ

«እናቴ ከእኔና ከመኪናዋ ፍሬቻ ምረጪ ብትባል፣ ፍሬቻውን መረጠች።»

የሺዓለም ይህን የሰማችው ዓርብ ጠዋት ጓሮ ቆማ የሽንኩርት ጆንያ ስታራግፍ ነው። ልጇ ሚልካ ጓዳ ገብታ በሯን ዘግታ በስልክ ታወራለች፤ መስኮቱ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። በናዝሬት ሙቀት ምስጢር ያለው ሰው በር ይዘጋል እንጂ መስኮት አይዘጋም። በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለችው የአጎቷ ሚስት ቦንቱ ናት። «እሁድ እኮ ነው ሽማግሌዎቹ የሚመጡት፣ እትዬ ቦንቱ! ከቢሾፍቱ ድረስ መጥተው የአባትሽ ወገን የታለ ቢሉኝ ምን ልበል? አጎቴ በፍሬቻ ተጣልቶ ቀረ ልበል?» አለች። ከዚያ በአፍንጫዋ ሳቀች ወይ አለቀሰች፤ እናትየው መለየት አልቻለችም። ጆንያውን እንደያዘች ቀረች። ምረጪ ያላት ሰው መቼ ነበረ? ማንም ሳይጠይቃት መርጣለች መባሉ ከሁሉ በላይ አንገበገባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ዋርሳዋ ነገሪ፣ የሟች ባሏ የኢተፋ ታናሽ ወንድም፣ መኪናዋን ለሁለት ቀን ተውሶ ቢሾፍቱ ሄዶ ተመለሰ። በማግስቱ እሷ ከመቂ ሽንኩርት ጭና ስትመጣ ቆቃ አጠገብ ከብቶች መንገድ ገቡባትና ፍሬን ያዘች። በዚያ መንገድ የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከፊት ያለው መኪና ቀኝ ፍሬቻ ካበራ «መንገዱ ነፃ ነው፣ እለፈኝ» ማለቱ ነው። የሺዓለም ፍሬቻ የሚባል አልነካችም። ከኋላዋ ያለው የጭነት መኪና ሹፌር ግን የቀኝ ፍሬቻዋን ሲበራ አየና ሊያልፋት ወጣ፤ ፊት ለፊት ሚኒባስ ይመጣል። በፀጉር ያህል ተላለፉ። ሹፌሩ ሞጆ ላይ አስቁሟት «እመቤት፣ እኛን ለማን ልታወርሺን ነው?» አላት። ከዚያ በኋላ ያላትን ለሰው ተናግራው አታውቅም። እሷም ሆዷ እንደነደደ ሰነበተችና በሚቀጥለው እሁድ ጸሎት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ምዕመን በተሰበሰበበት፣ ነገሪን «መኪናዬን ደህና ሰጥቼህ አስነክተህ መለስክልኝ፤ ሰው ላስጨርስ ነበር!» አለችው። ሰውዬው ዓይኑ ቀላ። «የነካ እጅ ይቆረጥ» አለና ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት አንቺ ሲላት የኖረው ሰው «እንደምን አደሩ» ይላታል። በሰው ፊት የተናገረችውን በሰው ፊት ካላነሳች የኢተፋን ልጅ ሽማግሌ አልቀበልም ማለቱንም ሰምታለች። አባት የሌላት ልጅ በአባቷ ወንድም ካልተጠየቀች ሽማግሌው ማንን ይጠይቃል? ይህን የሺዓለም አጥታው አይደለም። ግን የተበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ የት ታየ?

ፍሬቻውንም እስከዛሬ አላሠራችውም፤ «ያበላሸው ያሠራው» ብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ እጇን በመስኮት እያወጣች ነዳች። የግራ ክንዷ በፀሐይ ከቀኙ ጠቁሯል።

ሳሎን ገባች። ሳሎኑ ለእሁድ ተሰናድቶ አልቋል። አዲሱ ሶፋ ላስቲኩ ገና አልተገፈፈለትም፤ ሰው ሲቀመጥበት ይንጫጫል። ሻጩ አርባ አምስት ሺህ ብሎ ጀምሮ በሠላሳ ስምንት የለቀቀላት ነው፤ ከጎረቤት ማንም በዚህ ዋጋ አላገኘም። በሩን የሚያየው ትልቁ ወንበር ባዶ ነው፤ የኢተፋ ነበረ፤ እሁድ የነገሪ መሆን ነበረበት። ሚልካ ከጓዳ ወጣች፤ ለሥራ ለብሳለች፣ ዓይኖቿ ቀልተዋል። የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ሻይዋን ቆማ ጠጣች። እናትና ልጅ ተያዩ። ሚልካ ስለ ሶፋው ላስቲክ ጠየቀች፤ የሺዓለም ቅዳሜ ይገፈፋል አለች። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ኮቴዋ እስከ ውጭ በር ድረስ ተሰማ።

«እሺ» አለች የሺዓለም ለባዶው ወንበር። «ዛሬ ባለሙያ ይፍረደን።»

መኪናዋ ከሚልካ በአራት ዓመት የምትበልጥ ነጭ ዲኤክስ ናት። ኢተፋ ሲሞት ዘመዱ ሁሉ ሽጪያት አለ፤ የሺዓለም በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አወጣች። በሁለት ጊዜ ፈተና ወድቃ በሦስተኛው አለፈች፤ ፈታኙ የሰለቸው መሆኑን እሷም አትክድም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሽንኩርት ትጭንባታለች፤ እሁድ ሦስት እናቶችን ወደ ጸሎት ቤት ትወስድባታለች።

ፍራንኮ ከሚባለው ሰፈር ወረድ ብሎ ጋራዦች ከተደረደሩበት መንገድ አንዱ የምልኬሳ ነው። ወጣት ነው፤ ፀጉሩን እንደ ዶሮ ጉትዬ አቁሞታል። መኪናዋን ከማየቱ በፊት ታሪኳን ሰማ፤ እሷም ምኗንም አላስቀረችም። ከታሪኩ መሐል የጣመው የዋርሳዋ ነገር ሳይሆን አይቀርም፣ «ታዲያ ማዘር፣ ምኑን ትጠይቂኛለሽ? የሰው እጅ ነክቶታል» አለ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት። ጆሮዋ ላይ ማር ፈሰሰ። ምልኬሳ ከመሪው ሥር ገብቶ ፍሬቻ ሲበራ ጢቅ ጢቅ የምትለዋን ትንሽ ሣጥን ነቅሎ አዲስ ተከለ፤ የኋላ መብራቱን በመዳፉ ጥፊ ጥፊ አደረገው፤ ቀኙ ብልጭ ብልጭ አለ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር አለ። የሺዓለም ስለ ሽንኩርት ቢሆን ኖሮ ግማሽ ቀን ትከራከር ነበር፤ ዛሬ ግን ቆጥራ ሰጠችው።

«ያልከውን በወረቀት ጻፍልኝ።»

«ምኑን ነው የምጽፈው?»

«የሰው እጅ መሆኑን። ማህተምም ምታበት።»

ምልኬሳ ሳቀ፤ እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ግን ደረሰኝ አወጣና ከጀርባው «መኪናዋ በሰው እጅ የተነካች መሆኗን አረጋግጠናል» ብሎ ጻፈ፤ ሰማያዊውን ማህተም ግጥም አደረገበት። የሺዓለም የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ነው የምታነበው። ማህተም ግን ከማንም እኩል ታነባለች።

ወረቀቱን አጠገቧ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ አስቀምጣ ወደ ነገሪ ቤት አቀናች። ልቧ ዘፈን አይሉት መዝሙር ያንጎራጉራል። ይህን ወረቀት ፊቱ ዘርግታ «አንብብ» ትለዋለች፤ እሱ አንብቦ አንገቱን ይደፋል፤ እሷ «በቃ ተወው፣ የልጃችንን ነገር እንይ» ትላለች፤ ቦንቱ ታለቅሳለች። አደባባዩ ላይ ስትደርስ ቀኝ ፍሬቻ አበራች። ጢቅታው እንደ ደነገጠ ልብ ተጣደፈ፣ ከዚያ ጠፋ። ፍሬን ያዘች፤ ከኋላ ደግሞ ጓ! የሚል ድምፅ መጣ።

ባጃጅ ነው። የኋላ ፓራውልቷን ላሰው እንጂ አልጎዳትም። ባለባጃጁ ወርዶ የራሱን የፊት መስታወት ዳበሰ፤ ምንም እንዳልሆነ ሲያይ አፉ ተከፈተ። «እናት፣ ቆመሻል ወይስ ታጥፈሻል? ፍሬን ስትይዢ ቀኝ ፍሬቻ ይበራል፤ ፍሬቻ ስታበሪ ምንም አይበራም! ለመኪናሽ ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል!»

«አሁን ተሠርቶ እኮ ነው የወጣው» አለች የሺዓለም።

«የተሠራሽው አንቺ ነሽ። ጋሽ ኑሬ ጋ ሂጂ፤ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ነው፣ ግራሩ ሥር። ጋሽ ኑሬ ብዙ አያወራም፣ ግን ያገኛል።»

ባጃጁ ሄደ። የሺዓለም መንገድ ዳር ቆማ ወረቀቱን አየችው። የነገሪ ቤት አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ማህተሙ ገና አልደረቀም፤ ነገሪ ስለ መኪና ከእሷ የተሻለ አያውቅም። ይህን ይዛ ብትገባ ማን ይከራከራታል? ግን የሺዓለም ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ከጆንያው አፍ ላይ ደህናውን ደርድሮ ከሥር የበሰበሰውን የሚያጭቅ ደላላ በየሳምንቱ ያጋጥማታል፤ እሷም ጆንያውን እስከ ታች ሳትዘረግፍ ገዝታ አታውቅም። የምልኬሳ ወረቀት አፉ ላይ ያማረ ጆንያ ነው። ተሳደበችና መኪናዋን ወደ እህል መጋዘኑ አዞረች።

ጋሽ ኑሬ ስድሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው ነው። ግራሩ ሥር አንድ አግዳሚ፣ አንድ የመሣሪያ ሣጥን፣ አንድ የውሃ ጀሪካን አለው፤ ሌላ ጋራዥ የሚባል ነገር የለውም። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ሲያፈስበት ዓይኑን እንኳ አይጨፍንም። የሺዓለም የዋርሳዋን ታሪክ ስትጀምር እጁን አነሳ። «እቴ፣ እሱን ለዳኛ። ለእኔ መኪናዋን ንገሪኝ።»

ደነገጠች፤ ግን ነገረችው። ቁልፉን ተቀብሎ ገባና የመኪናዋን ጀርባ ወደ ቆርቆሮው አጥር አስጠጋው፤ ጥላው ውስጥ ብርሃኑ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ በመስታወት እያየ ፍሬን ረገጠ፣ ፍሬቻ አበራ፣ አጠፋ። ፍሬን ሲረግጥ ቀዩ ደብዝዞ፣ ብርቱካናማውም አብሮ ፈዞ ይበራል። ወርዶ ረጅም ሽቦ አመጣ፤ አንዱን ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ሌላውን የኋላ መብራቱ ሥር አስያዘ። ቀኝ ፍሬቻው እንደ አዲስ መኪና ብልጭ ብልጭ አለ። ሽቦውን ሲያነሳው ጠፋ። ሲያስነካው በራ።

«ማሳ ነው» አለ። ከዚያ ፊቷን አይቶ እንዳልገባት ሲያውቅ ቀጠለ፤ ለእሱ ይህ ንግግር መሆኑ ነው። «መብራት ከባትሪ ይሄዳል፤ ሠርቶ ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መመለሻው በመኪናዋ ብረት ላይ በአንዲት ቡሎን ነው፤ ማሳ የምንለው እሱን ነው። ያ መንገድ ከተዘጋበት በጎረቤት ግቢ አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ፍሬን ስትይዢ በፍሬቻው ቤት እየዞረ ነው የሚመለሰው።»

«ታዲያ መንገዱን ማን ዘጋው?»

ጋሽ ኑሬ የኋላ ኮፈኑን ከፈተ። ምንጣፉን አነሳ፤ ጥጉ ላይ ቡሎኗ በነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተሸፍና የሻገተ የፎርማጆ አይብ መስላለች። በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርጋት ግማሿ ተፈርፍራ ወደቀች። አጎንብሶ አሸተተ፣ ቀና አለ፣ እንደገና አሸተተ።

«ምን ትጭኛለሽ?»

«ሽንኩርት።»

«ሽንኩርት እንዲህ አይሸትም። ይሄ አቼቶ ነው።»

የሺዓለም ቡሎኗን አየቻት። ከእሁድ ተሳፋሪዎቿ አንዷ ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው፤ ዕድሜ ሰጥቷቸዋል፣ አፍንጫም ሰጥቷቸዋል። ባለፈው ዓመት መኪናው ውስጥ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «የሺዬ፣ ስንዘምር ጌታ ብቻ ነው የሚሰማን፤ ስንሸት ግን ሁሉም ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ የሺዓለም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጆንያዎቹን አውርዳ፣ ግማሽ ባልዲ ውሃ ላይ አንድ ጠርሙስ አቼቶ ደፍታ፣ የኋላውን ኮፈን እስከ ጥጉ በብሩሽ ትፈትጋለች። ሽታው ይጠፋል። ወይዘሮ እልፍነሽም መሐረባቸውን ወደ ቦርሳቸው መልሰዋል። የሺዓለምም ሰፈር ውስጥ ከእኔ የሚስተካከል ንጹሕ የለም እያለች ዓመት ሞላት።

«በየቅዳሜው በአቼቶ አጥባታለሁ» አለች።

ጋሽ ኑሬ ራሱን ነቀነቀ። «ሽንኩርቱ አለ፣ አቼቶው አለ። መኪናዋን ሰላጣ አድርገሻታል።»

ሳቋ አመለጣት፤ ሳትፈልግ ነው። ከሳቁ በኋላ ግን ጠየቀች። «ይሄ… የሦስት ሳምንት ሥራ ሊሆን ይችላል? ሰው ሁለት ቀን ነድቶ ቢመልሳት?»

«የዓመት ሥራ ነው። የነዳት ሰው ዕድለኛ ነው፣ እጁ ላይ አልፈነዳም።»

ጋሽ ኑሬ ዝገቱን እስከ ብረቱ ፋቀው፤ አዲስ ቡሎን አሠረ፣ ሽቦውን ለወጠ፣ ግራሶ ቀባው። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሦስት መቶ ብር አላት፤ ሁለተኛ አቼቶ እንዳታፈሺ፣ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል አላት። እጁን የሚጠርግበት ፈልጎ ዙሪያውን ሲያይ የሺዓለም ወንበሩ ላይ ያለውን ወረቀት አነሳች። ያዝ አድርጋ ቆየች። ቡሎኗን ያየው ጋሽ ኑሬ ብቻ ነው፤ ጋሽ ኑሬ ደግሞ አያወራም። ወረቀቱ ማህተም አለው፤ ቡሎኗ ማህተም የላትም። «እንካ» አለችና ሰጠችው። ጋሽ ኑሬ ግራሶውን ማህተሙ ላይ ጠርጎ ጨብጦ ጣለው።

የነገሪ ቤት ቦኩ በሚባለው ሰፈር መውጫ ላይ ነው። እዚያ እስክትደርስ የምትለውን ሦስት ጊዜ አሰናዳች፤ ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። በሩን የከፈተችው ቦንቱ ናት። «አካም ኦልተ፣ የሺ? እንደምን ዋልሽ?» አለች፤ ግቢ አላለችም፣ አትግቢም አላለችም፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ውስጥ አየች። ነገሪ ከቀለም ሱቁ ገና መመለሱ ነው፤ ግቢው ውስጥ ላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያወልቃል፤ ጥፍሮቹ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ።

«እንደምን ዋሉ?» አላት ቀና ሳይል።

የሺዓለም አፏን ከፈተች። ከተሰናዱት ሦስት የይቅርታ ንግግሮች አንዱም አልመጣም። ቦንቱ ዶሮዎቹን እሽ አለች፤ ዶሮዎቹ ሩቅ ነበሩ። ነገሪ ያወለቀውን ጫማ አንስቶ ውስጡን ተመለከተ፤ ጠጠር የለበትም፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ነገሪ፣ ውጣና ከመኪናዋ ኋላ ቁምልኝ።»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«ፍሬቻ የሚያይልኝ ሰው የለኝም። ሰው መሪ ይዞ ጀርባውን አያይም።»

ነገሪ ጫማውን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ነጠላ ጫማ አድርጎ ወጣ። የሺዓለም ገብታ ቁልፉን ብቻ ከፈተች። በመስታወቱ ውስጥ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል፤ ቁመናው ቁርጥ ኢተፋን ነው።

«ቀኝ!» ብላ ጮኸች።

«ይሠራል።»

«ግራ!»

«ይሠራል።»

«ፍሬን!»

«ፍሬኑ ብቻ ነው የበራው። ፍሬቻው አልበራም።»

«አንተ አይደለህም!»

«ምን አሉ?»

«ያበላሸኸው አንተ አይደለህም! እኔ ነኝ!»

«ሞተሩ ነው መሰለኝ አይሰማም!» አለ ነገሪ።

ሞተሩ አልተነሳም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፣ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ወጥታ ባንኮኒዋን ተደግፋ የምታያቸው ባለሱቅም ታውቃለች። ሁለት ሰዎች ካርታ ጨዋታቸውን አቁመዋል። የሺዓለም በመስታወቱ አየችው፤ እጁን አልፈታም፤ አልሳቀም። በሰው ፊት ያለው በሰው ፊት ነው። እንግዲህ ምን ይደረጋል ብላ የመስኮቱን መስታወት እስከ ታች አወረደች፤ ጭንቅላቷን እስከ ትከሻዋ አወጣች።

«መኪናዬን በአቼቶ እያጠብኩ ያበላሸሁት እኔ ነኝ! ነገሪ እጁ የለበትም! ስሙን በከንቱ አነሳሁት፣ ይቅር ይበለኝ! በቃህ ወይስ ጡሩንባ ላስነፋ?»

ባለሱቋ «በአቼቶ?» አለች ለካርታ ተጫዋቾቹ። አንደኛው ትከሻውን ነቀነቀ።

ነገሪ እጁን ፈታ። ወደ መስኮቷ መጥቶ ጎንበስ አለ፤ ፊቱ ላይ ሊደብቀው የሚታገል ነገር አለ፤ ጢሙ ይንቀጠቀጣል። «ሰማሁሽ» አለ። «ቦኩም ሰምቷል። እሁድ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«በስምንት።»

«እንግዲያው በስድስት እዚያ ነኝ። ተቀባይ ቀድሞ ካልተቀመጠ እንግዳ ያፈጥበታል። ልጄን አትስጊ በያት።»

የሺዓለም መሪውን አጥብቃ ያዘች። ዓይኗ ሊያስቸግራት ነው፤ ባለሱቋ ደግሞ ገና አልገባችም። ሞተሩን አስነሳች፤ ማርሽ አስገባች፤ እንዲያው እንዲህ ተሸንፋ መሄዱ ግን ከአቅሟ በላይ ሆነ።

«ነዳጁን ግን አድርቀህ ነው የመለስክልኝ።»

«እሱን እንኳ አልክድም» አለ ነገሪ፤ ሳቁንም ለቀቀው። ከዚያ እንደ ሚኒባስ ረዳት የመኪናዋን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ደበደበው።

«ሳቢው!»